አርባ ሦስት ጭስ

ረቡዕ ጠዋት ሳጥኑ ከገደሉ መሀል ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ማንም አልደነገጠም። ውስጡ የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ስንቃቸውን ፈቱ። ሁለት ጎረምሶች ካርታ ተጫወቱ፤ አንዲት እናት ልጇን አጥብታ አስተኛች፤ አንድ ቄስ ውዳሴ ማርያማቸውን ጨርሰው ወደ መልክዐ ጊዮርጊስ አለፉ። የሳጥኑ ድምፅ፣ ያቺ አፏን ማር የተቀባች፣ በየአምስት ደቂቃው «ውድ ተሳፋሪዎቻችን፣ ግንኙነት እስኪመለስ እየጠበቅን ነው፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ትላለች። ቆሎ ሻጯ አንጓችም በየአምስት ደቂቃው «ማን ታገሠሽና!» ትላታለች። አንድም ጊዜ አላሳለፈቻትም።

ሳጥኑ የሚባለው ሾላ አፋፍንና ዋንዛ ማዶን የሚያገናኘው ኬብል ካር ነው። በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ በሰው አፍ ግን ሳጥን ነው። ሾፌር የለውም፣ መሪ የለውም፣ ፍሬን እንኳ የለውም። ገመዱን የሚስበው ሞተር ማዶ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ሳብ፣ ቁም የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ከአፋፍ ጣቢያ ምሰሶ በአየር ይላክለታል። ትእዛዙ ተቆራርሶ ከደረሰ ሞተሩ ይቆማል፤ ሳጥኑም ባለበት ይንጠለጠላል። በበረዶ ይንጠለጠላል፣ በአቧራ ይንጠለጠላል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንዲሁ ሲያኮርፍ ይንጠለጠላል። በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ጋብቻ ተጀምሯል፤ አንድ ፈርሷል።

አንጓች ሰማንያ ዓመቷ ነው። በበሩ አጠገብ በበርጩማዋ ተቀምጣ ለተንጠለጠለ ሰው ቆሎና ዳቦ ቆሎ ትሸጣለች። ዱሮ ግን የሾላ አፋፍ ጠሪ ነበረች፤ አባቷም ጠሪ ነበር። ምሰሶ ሳይተከል በፊት የአፋፍን ነገር ለማዶ፣ የማዶን ለአፋፍ፣ ከድንጋይ ላይ ቆሞ በአፍ የሚያሻግር ሰው ማለት ነው። ሞት ቢሆን፣ ሠርግ ቢሆን፣ የጠፋ በሬ ቢሆን። ፊደል አልቆጠረችም፤ አታፍርበትምም። «የቆጠሩት ናቸው እዚህ አንጠልጥለው የተዉን» ትላለች።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ነው። በሾላ አፋፍ ነገር ሁሉ ትእዛዙን የሚቀበለው በአየር፣ ከከተማ ነው። በሩ ሲፈቀድለት ይከፈታል፤ ምድጃው ሲፈቀድለት ይግላል፤ አህዮቹ እንኳ ጆሯቸው ላይ በተሰፋች አዝራር በምታህል ነገር ሂዱ ሲባሉ ይሄዳሉ። አየሩ ሲከፋ ትእዛዙ ይቋረጣል። ስለዚህ የአፋፍ ሰው መዝጊያው ሥር ድንጋይ ያኖራል፤ ከምድጃው ጎን ሦስት ጉልቻ ያኖራል፤ በበረዶ ቀን አህያው መንገድ መሀል እንደ ሐውልት ሲገተር ጭነቱን አራግፎ ራሱ ይሸከማል። ይህን ማንም አቤቱታ ብሎ አይጽፈውም። ኑሮ ነው።

ስልኩ ከሁሉ የባሰ ነው። የዘመኑ ስልክ ያልሰማውን አልሰማሁም አይልም፤ ከራሱ ይሞላል። አምና ሐምሌ ላይ ጉም ገደሉን ሦስት ቀን ሲጋርደው አንጓች ለታናሽ እኅቷ ለስመኝ ደወለች። ስመኝ ማዶ ከተዳረች ስልሳ ዓመቷ ነው። «እንዴት አደርሽ?» አለች አንጓች። «ደህና ነኝ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ስልኩ፣ በራሷ በስመኝ ድምፅ፣ ሳቋን ሳይቀር ጨምሮ። ለካ ስመኝ በንዳድ ተይዛ ስልኩን አንስታ ያቃሰተችውን ማቃሰት ዝናቡ በልቶት፣ ስልኩ ክፍቱን በለመደው ቃል ሞልቶት ኖሯል።

ያዳናት ጭስ ነው። እኅትማማቾቹ በየንጋቱ፣ አንዷ ከአፋፍ ሌላዋ ከማዶ፣ ከጠሪ ድንጋያቸው ላይ ቆመው ይጣራሉ። ወሬው ሲያልቅ መዝጊያው ጭስ ነው። ስመኝ በመንደሯ ጭስ ያወጣውን ቤት ቆጥራ ትጠራለች፤ አንጓች ደግሞ ጤና ጣቢያ በገጠመላት አዲስ የዐይን ሌንስ ከዚህ ማዶ ትቆጥራለች። ሁለቱ ቁጥሮች ከተስማሙ የተባለው ሁሉ በትክክል ተሰምቷል፣ ሰውም ደህና አድሯል። የዋንዛ ማዶ ጭስ አርባ ሦስት ነው። ያን ጊዜ በአራተኛው ቀን ጉሙ ሲገለጥ አንጓች ብትቆጥር አርባ ሁለት ሆነ፤ የጎደለው የስመኝ ነው። ወዲያው ሳጥን ውስጥ ገብታ፣ ሁለት ሰዓት ተንጠልጥላ፣ የሳጥኗን ድምፅ ስትሰድብ ቆይታ፣ ደርሳ አስታመመቻት።

አሁን ግን አርባ ሦስቱም ጭስ ሊጠፋ ነው። የሳጥኑ መስሪያ ቤት በጣቢያው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አብርቷል፦ ሚያዝያ ሃያ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳጥኑ አርባ ምልልስ ካልሞላ መስመሩ ይዘጋል፤ የዋንዛ ማዶ ነዋሪም ከተማ ወስደው ፎቅ ያስገቡታል። ለስመኝ የደረሳት ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ነው። ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ ጭስ ወንጀል ነው።

ማስታወቂያውን ያነበቡላት ቀን አንጓች ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። «ከዚያ ወዲያ ማንን ልጥራ?» ብቻ አለች።

ለዚህ ነው ረቡዕ ተንጠልጥለው ሳለ ዐይኗን ከጥግ ከተቀመጠችው ሴት ላይ ያላነሳችው። ሴቲቱ ኤልዳና ትባላለች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ፣ ነጭ ጫማ ያደረገች፣ ከከተማ የተላከች ኢንጂነር ናት። ከመጣች አምስት ሳምንት ሆኗታል፤ ሰው ሲያያት ትሽኮረመማለች፣ በእጇ የምትይዛትን የምትበራ ሰሌዳዋን ስታይ ግን ዓለም ቢፈርስ አትሰማም።

«አንቺ ነሽ አሉ ነገ ሳጥኑን የምታስሮጪው?» አለቻት አንጓች።

«ሳጥኑን ሳይሆን መልእክቱን ነው እማማ።»

«መልእክቱማ እየደረሰን ነው። በየአምስት ደቂቃው እያመሰገነችን።»

ሰው ሳቀ። ኤልዳናም ሳቀች፤ ይኼ አንጓችን ደስ አላት። ማፈር የሚያውቅና መሳቅ የሚያውቅ ሰው ይማራል።

«መልእክት በአየር ሲሄድ ይቆራረሳል» አለች ኤልዳና። «ስለዚህ ስንልከው ትርፍ ነገር እንጨምርበታለን፤ ቢጎድል ከትርፉ እንዲጠገን። የድሮው አሠራር በፀሐይም በበረዶም አንድ ዓይነት ነው። ለፀሐይ ይበዛል፤ ለበረዶ ያንሳል። የእኔ ኮድ ግን እንደ አየሩ ይለዋወጣል። አየሩ ሲጠራ ትርፉ ትንሽ ነው፣ ሳጥኑ ይፈጥናል። ሲከፋ ትርፉ ይበዛል፣ ይዘገያል እንጂ አይቆምም።»

«እንቁላል ነው በይኛ! በሜዳ በቅርጫት፣ በቁልቁለት በጭድ።»

«ልክ እንደሱ!»

«ታዲያ መንገዱ ቁልቁለት መሆኑን ማን ይነግርሻል?»

«የአፋፍ ምሰሶ ራሱ አየሩን አዳምጦ ይወስናል።»

«ሞክረሽዋል?»

«ሦስት ጊዜ። ሁለቱን እሑድ፣ አንዱን በወሩ ማርያም። መንገደኛ የሌለበት ቀን ስለሆነ። አንዴም አልቆመም።»

አንጓች ቆሎዋን አንገዋለለች። አንድ ነገር ቆረቆራት፤ ምን እንደሆነ ግን መጨበጥ አቃታት። «ሃይማኖተኛ ሳጥን ነዋ» ብላ አለፈችው። በኋላ፣ ያን ጊዜ ብጠይቃት ኖሮ እያለች ራሷን ረገመች።

ሐሙስ ገና በጠዋቱ የአፋፍም የማዶም ሰው እንደ ጥምቀት ወጣ። ሳጥኑ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ሮጠ። ሮጠ ስል መሮጥ ነው፤ ሄዶ መመለሻው ሩብ ሰዓት። ጎረምሶቹ በየምልልሱ በከሰል ግድግዳው ላይ ጭረት ይጭራሉ። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ ስምንት። አቧራ መጣ፤ ሳጥኑ ዘገም አለና አለፈ። ነፋስ መጣ፤ አለፈ። የሳጥኗ ድምፅ የምታመሰግነው አጥታ ዝም አለች። አንጓች ብቻ ናት ፊቷን ያጠቆረች የመሰለችው፤ ቅርጫቷ እንደ ሞላ ነው።

«ምነው እማማ አንጓች፣ ቆሎው አልሄደም?» አሏት ቄሱ።

«ማን ይቆርጥመው? አፉን ሳይከፍት ይደርሳል!» አለች። ሆዷ ግን ይዘፍን ነበር።

ወደ ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ጭረቱ ሃያ ስድስት ደረሰ። ኤልዳና የማዶውን ጣቢያ በዐይኗ ልታይ ለሃያ ሰባተኛው ገባች፤ አንጓችም እኅቷን ልትስም ተከተለቻት። ቄሱን ጨምሮ ሌሎች ስድስት ሰዎች ገቡ። ሳጥኑ ተንሸራተተ፤ ወንዙ ከታች እንደ ክር ቀጥኖ ታየ። ከመሀል ሲደርሱ አንዴ ተርገፈገፈና ቆመ።

«ውድ ተሳፋሪዎቻችን» አለች የሳጥኑ ድምፅ።

«አንቺም ከሙታን ተነሣሽ?» አለቻት አንጓች።

ኤልዳና አልሳቀችም። ሰሌዳዋን ገልጣ በጣቷ ወዲያ ወዲህ አገላበጠችው፤ ግንባሯ ላብ አወጣ። «አየሩ ጥሩ ነው እኮ! የአፋፍ ምሰሶ ጥርት ያለ አየር እሰማለሁ ነው የሚለው። ለዚህም ትርፉን አሳንሶ ነው የሚልከው። ማዶ ግን አይመልስም። ምን ሆነ?»

«ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ስምንት። ምልልሱ ሩብ ሰዓት ነው፤ አሥራ ሦስት ሲቀረን፣ የያዝነው ሲደመር...» ሒሳቧን በከንፈሯ ሠራች። «እስከ ስምንት ተኩል ካልተንቀሳቀስን አርባ አይሞላም።»

አንጓች ተነሥታ መስኮቱን ገፋችው። ሁለት እጇን በአፏ ዙሪያ አደረገች። የሰማንያ ዓመት ደረት ነው፤ ግን የጠሪ ደረት ነው።

«ስመኝ ሆ-ይ!»

ደግማ ጠራች። ከማዶ ጣቢያ ደጃፍ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። «ወ-ዬ! እትዬ! ተንጠለጠልሽ?»

«ሞተሩ ምን ይላ-ል?»

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም! ወፍጮው ተነሥቷል! ጥንድ ጥንዱን አድርጊው!»

አንጓች ወዲያው አጠራሯን ለወጠች። ቃሉን ሁለት ጊዜ አለችው፤ ግን ጎን ለጎን አይደለም፤ አንዱን ብላ፣ ሌላ ነገር ብላ፣ ተመልሳ ወደ መጀመሪያው ሄደች። ስመኝ መለሰች፦ ሞተሩ ዝም ብሏል፣ መብራቱ ቢጫ ነው፣ ሰው ሁሉ እየጸለየ ነው።

ኤልዳና አፏን ከፍታ ታያለች። «እሷ እንዲህ ጥርት ብላ እየተሰማችን፣ የእኛ ድምፅ እንዴት ለእሷ አይደርሳትም?»

«ምን ማለትሽ ነው? ወፍጮው እሷ ጋ ነው እንጂ እኔ ጋ ነው? ጫጫታ የሚኖረው ሰሚው ጋ ነው። እኔ የራሴን ጆሮ አዳምጬ፣ አየሩ ጥሩ ነው ብዬ ብለፈልፍ ለእሷ ምኗ ነው? ስንት ጊዜ ልበል፣ እንዴት ልበል፣ የምታዘው ሰሚዋ ናት። አባቴ መጀመሪያ ያስተማረኝ እሱን ነው፤ ገና ጥርሴን ሳልነቅል።»

ኤልዳና ሰሌዳዋን ጭኗ ላይ ጣለችው። «ወፍጮው ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?»

«የፀሐይዋ ኃይል እስከ ስምንት ለመስኖው ነው፤ ከስምንት ወዲያ ለወፍጮው ይለቀቃል።»

«እሑድስ?»

አንጓች ረቡዕ የቆረቆራት ነገር ምን እንደነበር ያን ጊዜ ተገለጠላት። ጭኗን በጥፊ መታችው። «እሑድና በማርያም ማን ይፈጫል! የሞከርሽው ወፍጮ ሲያርፍ ነው! አይ ነጭ ጫማ! አይ እኔም! ማወቅ ነበረብኝ።»

«የወፍጮው ሞተር አየሩን ይረብሻል» አለች ኤልዳና ለራሷ ያህል። «የሚረብሸው ግን የማዶን ጆሮ ነው። እኔ ደግሞ የአፋፍን ጆሮ ነው የጠየቅሁት።»

አንድ ተሳፋሪ፣ ሸማኔው በላቸው፣ «ታዲያ ወፍጮውን አቁሙ በያቸዋ!» አለ።

«ዛሬ ይቆማል፤ ነገስ?» አለችው አንጓች። «ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሳጥን እንዲሄድ ጦም ይደሩ? ደግሞ በኋላ በረዶው ይመጣል፤ በረዶውንም አቁም ትለዋለህ?»

ኤልዳና ተነሣች። «አንድ መንገድ አለ። የማዶ ጣቢያ የሚሰማውን እንዲናገር፣ ይህን ያህል ትርፍ ጨምሩልኝ እንዲል ማድረግ ይቻላል። ሲሠራ የተበጀለት ነው፤ ግን ማንም ስላልፈለገው ተቆልፏል። ቁልፉ አሥራ ሁለት አሃዝ ነው። እዚያ ባለው የቁጥር ሰሌዳ ላይ ሰው በእጁ መንካት አለበት። አንድ አሃዝ ከተሳተ እስከ ነገ ይዘጋል። በአየር ልልከው አልችልም፤ አየሩ ነው የተበላሸው።»

«በስልክስ?» አለ በላቸው።

«ስልኩ ያልሰማውን አሃዝ ከራሱ ይሞላዋል» አለች ኤልዳና። ይህን ስትል ድምፅዋ ቀነሰ። ሁሉም ያውቁት ነበር፤ ሲነገር ግን ይከብዳል።

«ስመኝ ቁጥር ታውቃለች» አለች አንጓች። «ፊደል አታውቅም፤ ቁጥር ግን ከስልክ ላይ ለምዳለች። አንብቢልኝ።»

«እማማ፣ አሥራ ሁለት ነው። እንዳይሳሳት እያንዳንዱን ሁለት ሁለቴ ይበሉት፤ ሰባት ሰባት፣ ሁለት ሁለት...»

«ጎን ለጎን? ነፋስ አንዴ ሲመጣ ትንፋሽ ሙሉ ይቆያል፤ ሁለቱንም አብሮ ይበላቸዋል። ዝም ብለሽ አንብቢ። ሦስት ሦስት አድርገሽ።»

«ሰባት፣ ሁለት፣ አምስት።»

አንጓች ወደ መስኮቱ ዞረች። «ስመኝ ሆ-ይ! ወደ ሰሌዳው ቁሚ! የሰማሽውን ቁጥር ንኪ! ከብት እየነዳሁልሽ ነው!»

የዱሮ ሥርዓት ነው። ከብት ከአፋፍ ወደ ማዶ ሲሻገር ጠሪው ቀድሞ ያስታውቅ ነበር፦ በሬ ይህን ያህል፣ ላም ይህን ያህል፣ ፍየል ይህን ያህል፤ መጨረሻ ላይ ድምሩ። መንገድ ላይ ሌባ አንድ ቢሰርቅ፣ ነፋስም አንድ ቃል ቢሰርቅ፣ ድምሩ ያጋልጠዋል። ስመኝ እንዲህ ያለ ጥሪ ከሰማች አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም።

«ንጂው!»

«በሬ ሰባ-ት! ላም ሁለ-ት! ፍየል አምስ-ት!» ትንፋሽ ወሰደች። «ድምሩ አሥራ አራ-ት!»

«ገብተዋል! አሥራ አራት!»

«ዜሮ፣ አራት፣ ስድስት» አነበበች ኤልዳና።

«በሬ የለ-ም! ላም አራ-ት! ፍየል ስድስ-ት! ድምሩ አሥ-ር!»

«ገብተዋል! አሥር! በሬውን ምን በላው?»

«ዝም በይና ቁጠሪ!»

በላቸው መሳቅ ጀመረ። «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው!» ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ሳጥኑ በሳቅ ተወዛወዘ፤ ወዲያው ግን ከማዶ ግርርርታው ከፍ ሲል ተሰማ። ሁለተኛው ወፍጮ ተነሣ።

«እትዬ! በዝቷል! ሁለት ሁለት እያደረግሽ ንጂ!»

«ሰማሽ?» አለች አንጓች ለኤልዳና። «አዘዘች። ሁለት ሁለት አንብቢልኝ፤ ለየሁለቱ ድምር አበጅላታለሁ።»

ኤልዳና እያነበበች ነበር፤ ጣቷ ግን በሰሌዳው ላይ እየጻፈ ነበር። ጫጫታው ሲበዛ መንጋው ያንሳል፤ ድምሩ ይበዛል። የሚያዘው ሰሚው። ሰባት ዓመት የደከመችበት ነገር በአንዲት አሮጊት አፍ በሬና ላም ሆኖ ሲያልፍ ታያለች። «ሦስት፣ ዘጠኝ።»

«በሬ ሦስ-ት! ላም ዘጠ-ኝ! ድምሩ አሥራ ሁለ-ት!»

መልሱ ዘገየ። ሰዓቱ ስምንት ከአሥራ ስምንት ነው።

«ላሞቹ አልመጡም! ነፋስ በላቸው!» አለች ስመኝ። ኤልዳና ዐይኗን ጨፈነች። «ግን በሬ ሦስት፣ ድምሩ አሥራ ሁለት ነው ብለሻል! እንግዲያ ላሞቹ ዘጠኝ ናቸው! ነካሁት!»

«አልገመተችም» አለች ኤልዳና በሹክሹክታ። «ሠርታ አገኘችው።»

«እኅቴ ናት እንጂ ስልክ ናት?» አለች አንጓች።

ቀጣዮቹ አንድና ስምንት ሲሆኑ ከድምሩ በቀር ምንም አልደረሰም። ስመኝ ሁሉንም ድገሚ አላለችም፤ «አራተኛውን መንጋ ብቻ!» አለች። አንጓች ደገመች። «በሬ አን-ድ! ላም ስምን-ት! ድምሩ ዘጠ-ኝ!» ተያዘ። የመጨረሻው ስምንትና ሁለት፣ ድምሩ አሥር። ያም ተያዘ።

«አትንኪ ገና!» ጮኸች አንጓች። «የመጨረሻውን አዝራር አትንኪ! ጠቅላላው ስንት ሆነልሽ?»

ስመኝ ቆጠረች። በጣቷ ነው የቆጠረችው፤ ከዚህ ሆነው አይዩት እንጂ። ኤልዳና ደግሞ በሰሌዳዋ ቆጠረች። አንጓች በሆዷ ቆጥራ ከሁለቱም ቀድማ ጨርሳለች።

«ሃምሳ አምስ-ት!»

«ሃምሳ አምስት ነው! ንኪው!»

ስምንት ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ ላይ ሳጥኑ ተነቃነቀ። መጀመሪያ በቀስታ፤ ማዶ ጣቢያ የሚሰማውን ተናግሮ፣ አፋፍ ጣቢያ አድምጦ፣ ትርፉን ጨምሮ እስኪልክ። ከዚያ መንሸራተት ጀመረ። ሁለቱም ወፍጮ እየፈጨ ነው። ቄሱ እልል አሉ፤ ወንድ እልል አይልም ያላቸው የለም።

«ውድ ተሳፋሪዎቻችን» አለች የሳጥኑ ድምፅ፣ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

አንጓች ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለቻት።

አመሻሹ ላይ ለጥቂት ደቂቃ በረዶ መጣ፤ ሳጥኑ አዘገመ እንጂ አልቆመም። አርባኛው ጭረት የተጫረው ለአሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። በአርባኛው ምልልስ ወደ አፋፍ የመጣችው ስመኝ ናት፤ መንጠልጠል እየፈራች ሁለት ዓመት ሳጥን አልረገጠችም ነበር። ከበሩ ስትወርድ አንጓች እንዲህ ስትል ተቀበለቻት፦

«አርጅተሻል።»

«አንቺ ደግሞ ትጮኻለሽ» አለች ስመኝ፤ ተቃቅፈው አለቀሱ።

መስመሩ አልተዘጋም። ከአሥር ቀን በኋላ መስሪያ ቤቱ ለኤልዳና የምትሞላው ቅጽ ላከ። የኮዱ አሠራር ከማን እንደተገኘ የሚጠይቅ ቦታ ነበረበት፤ የአንጓችን ስም ሞላች። ከሥሩ «የትምህርት ደረጃ» ይላል። ሄዳ ጠየቀቻት።

«ጠሪ በይው» አለች አንጓች።

«እንዲህ የሚባል ምርጫ የለውም እማማ።»

«እንግዲያ ባዶውን ተዪው። ከራሱ እንዳይሞላው ብቻ ጠብቂ።»

የቆሎ ገበያው ሞተ። አሁን ሰው ሳጥን ውስጥ ካርታ ለማደል ጊዜ አያገኝም። አንጓች በርጩማዋን ወደ ቤቷ መልሳ፣ እነዚህ የተማሩ ሰዎች የድሀ እንጀራ ይዘጋሉ እያለች ሳምንት ሙሉ ላገኘችው ሁሉ አማረረች። የሚሰማት ሰው ሲስቅ ትቆጣለች፤ ዞር ሲል እሷም ትስቃለች።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ማለዳ፣ ወፍጮም ነፋስም ሳይነሣ፣ አንጓች ከድንጋይዋ ላይ ወጣች። ገደሉ ጸጥ ብሏል። የሌሊት ወሬያቸውን ተለዋወጡ፤ የማን ላም ወለደች፣ ማን ከማን ተጣላ፣ የስመኝ ሎሚ ስንት ፍሬ ያዘ። መዝጊያው ደረሰ።

«ጭስ ስን-ት?»

«አርባ አራ-ት!»

አንጓች ቆጥራ ነበር። አርባ ሦስት ነው። «ድምሩ ተዛብቷል! ዳግመኛ ቁጠሪ!»

«ቆጥሬዋለሁ! አርባ አራት ነው!»

«አርባ አራተኛውን ከየት አመጣሽው?»

«የኢንጂነሯ ነዋ! ጫጫታው ያለው እዚህ ነው፣ መኖርም ያለብኝ እዚህ ነው ብላ ትናንት ከጣቢያው ጎን ያለውን ባዶ ቤት ገባችበት! ምድጃው ፈቃድ እምቢ ሲላት ጉልቻ ጎለተች! እርጥብ ባሕር ዛፍ አንድዳ መንደሩን በሙሉ አስነጠሰችው!»

አንጓች ሌንሷን አጥብባ አየች። ከጣቢያው ጎን፣ የጉም ቁራጭ ነው ብላ ያለፈችው ግራጫ ነገር ነበር። ከሥሩ አንዲት ሴት ወጥታ ትስላለች። ጫማዋ ከእንግዲህ ነጭ አይባልም።

ከመጀመሪያው ጀምራ ቆጠረች። በጣቷ፣ ሳትቸኩል።

«አርባ አራት!» አለች። «ድምሩ ልክ ነው! እንጨቱን በፀሐይ አስጪው በያት! ልድገመው?»

«አያስፈልግም! ሰምቻለሁ!»

አልደገመችውም።